አባ ጉዋን እና የማያርፈው ምድር

የሰው ልጅ ረግጦ የቆመበትን ነገር አይመረምርም። ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል፤ ከዋክብትን ይቆጥራል፤ የዝናሙን መምጫና መሄጃ በጥንቃቄ ይከታተላል። ምድርን ግን ለዘለዓለም የጸናች አድርጎ ስለሚያስባት፥ አንድ ሌሊት ከእግሩ ሥር ካልተናወጠችበት በቀር ስለ እርስዋ አይጠይቅም። በተናወጠችም ጊዜ ጥያቄው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ግድግዳው ሲጠገን፥ የተሰነጠቀው መንገድ ሲደፈን፥ ጥያቄውም አብሮ ይደፈናል። ስለዚህ የምድርን መናወጥ ለመመርመር የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከድንጋይ ጋር ሳይሆን ከመርሳት ጋር ነው። በአገራችን ይህን ትግል ከማንም በላይ የታገሉት ሰው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፥ የዩኒቨርሲቲያችን የፊዚክስ መምህር የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ዛሬ እርሳቸው በሕይወት የሉም። ሥራቸው ግን፥ ስማቸውን በማያውቀው ሰው ቤት መሠረት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የእኚህን ሰው ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ አንድ መንገድ በሐሳብ መውረድ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ ብርዱ ከኋላው ይቀራል፤ መኪናውም እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሮቢትን አልፎ እኔ የተወለድሁባት ጀውሃ፥ ከጀውሃም በኋላ ኤፌሶን፥ ከዚያም ካራቆሬ ትገኛለች። መንገደኛው በግራ በኩል እንደ ግንብ የቆመውን የሸዋን ደጋ፥ በቀኝ በኩል ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚዘረጋውን ሜዳ እያየ ይጓዛል። ይህ ግንብ የመሰለ ገደል እንዲያው የተገኘ አይደለም። ደጋው በአንድ ወገን፥ ቆላው በሌላ ወገን ሆነው በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ ምድር እየተሳበች፥ እየተሰነጠቀችና ቆላው እየሰመጠ የተሠራ የስምጥ ሸለቆ ከንፈር ነው። የይፋት ገበሬ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፥ ብርቱካንና ሽንኩርት የሚያለማበት ለም መሬት፥ ከደጋው ጫፍ ተቆርሶ የወረደ የምድር ቍራሽ ነው ማለት ይቻላል። መቆረሱም ዛሬ አላበቃም።

አባ ጉዋን የተገኙት ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ክፍል፥ ከኬቤክ ነው። ኬቤክ በበረዶዋ እንጂ በመሬት መንቀጥቀጥ አትታወቅም፤ ሆኖም የቅዱስ ሎራን ወንዝ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1663 በብርቱ መናወጡንና ይህንንም በዚያ ዘመን በሥፍራው የነበሩ ኢየሱሳውያን ካህናት በጽሑፍ ማስተላለፋቸውን ታሪክ ያስረዳል። ይህ ማኅበር ከትምህርትና ከስብከት ጋር የመሬትን መንቀጥቀጥ መከታተልን እንደ አንድ የቤት ሥራ ይዞት ኖሯል። በማኒላ፥ በአውስትራሊያ ሲድኒ አጠገብ በሪቨርቪው፥ በማዳጋስካር ታናናሪቭ፥ በሊባኖስ ክሳራ የመመልከቻ ጣቢያዎችን አቁሞ ነበር። ስለዚህም የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት በአንዳንዶች ዘንድ የኢየሱሳውያን ሳይንስ እስከ መባል ደርሷል።

ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1945 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ ነው። ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፥ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው፥ እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ ሲቋቋም ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባ ጉዋንም በዚሁ ኰሌጅ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ቤተ ሙከራው ገና ጀማሪ፥ መሣሪያው ጥቂት በነበረበት በዚያ ወቅት አንድ የፊዚክስ መምህር ጠመኔውን ይዞ ከማስተማር ያለፈ ሥራ ይሠራል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን አንድ የዓለም አጋጣሚ መጣ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ ታወጀ፤ ብዙ አገሮችም ምድርን፥ ባሕርንና አየርን በአንድ ጊዜ ለመለካት ተባበሩ። በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ በድንገት ተፈላጊ ከተማ ሆነች። ምክንያቱም የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚባለው፥ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ተስተካክሎ የሚቆምበት መስመር፥ በአገራችን በኩል ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፥ ከምድር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈስ፥ ይህን ለመከታተል የሚመች ሥፍራ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ የዛሬው የጂኦፊዚክስ ተቋማችን መነሻ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሆን የማግኔት ጕዳይ ነበር። አባ ጉዋን በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያውን አቋቁመው ሃያ ዓመት ያህል መሩት። የማግኔቱን መለኪያ ተከትሎም የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያ፥ ሲስሞግራፍ፥ ገባ። የኋላ ኋላ ጣቢያው በዓለም ዙሪያ መቶ ሃያ ያህል ጣቢያዎችን አንድ ዓይነት መሣሪያ አስይዞ ባስተሳሰረው መረብ ውስጥ አንዱ ሆነ። ይህን መረብ አሜሪካ የዘረጋችው ከመሬት በታች የሚፈነዱ የኑክሌር ቦምቦችን ለመለየት ጭምር ነበር፤ ለጦርነት ሥጋት የተሠራው መሣሪያ ግን ለምድር ዕውቀት ትልቅ ሀብት ሆኖ ተገኘ።

የመሣሪያው አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ከባድ ዕቃ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ምድር ስትንቀሳቀስ የመሣሪያው መቀመጫ አብሮ ሲንቀሳቀስ፥ የተንጠለጠለው ዕቃ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀስ ብሎ በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ይጻፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ከመነሻው ሁለት ዓይነት ሞገድ ይወጣል፤ አንዱ ፈጣን፥ ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ በር እንደ ወጡ ፈረሰኛና እግረኛ፥ መንገዱ በረዘመ ቍጥር በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። በቅርብ ርቀት ለሆነ መንቀጥቀጥ የአንድ ሰከንድ ልዩነት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሃያ አምስት ሰከንድ ልዩነት ያነበበ ሰው፥ መነሻው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ብሎ ሊናገር ይችላል። አቅጣጫውን አረጋግጦ ለመናገር ግን የሌሎች ጣቢያዎች ንባብ ያስፈልገዋል። አንድ ጣቢያ ብቻውን እንደ አንድ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ለወጣቱ ጣቢያ ፈተና ሆኖ የቀረበው በ1953 ዓ.ም. ነበር። በግንቦት ወር መጨረሻ ላይ በካራቆሬ አካባቢ ምድር ትናወጥ ጀመር። ግንቦት 24 ቀን ለ25 አጥቢያ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ከሁሉ የበረታው ደረሰ። ልኩ በሪክተር መለኪያ 6.5 አካባቢ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሱ ቤቶች ወደቁ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ መጠለያ አጣ። ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደው ዋና መንገድ ከካራቆሬ በስተሰሜን ተሰነጣጠቀ፤ ከተራራው የተናደ ቋጥኝም ዘጋው። ንዝረቱ በአዲስ አበባ ሳይቀር ተሰምቶ ሕዝቡን አስደነገጠ። ነገሩም በአንድ ሌሊት አላበቃም፤ ትንንሹ መናወጥ እስከ ክረምቱ ማለቂያ ድረስ ቆየ። በይፋት ክርስቲያኑ በምሕላ፥ ሙስሊሙ በዱዓ ወደ ፈጣሪው ጮኸ። ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥመው እንዲህ ማድረጉ ተገቢ ነው። ካህኑ አባ ጉዋንም ይህን የሚነቅፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ከጸሎቱ ጋር አንድ ሌላ ሥራ እንዳለ ያምኑ ነበር፤ ይኸውም የሆነውን በትክክል መጻፍ ነው።

የካራቆሬ መናወጥ በጥናታቸው ውስጥ ትልቅ ሥፍራ ያዘ። አንድ የምድር መናወጥ ሁለት ልክ አለው። አንደኛው በመነሻው የወጣው ኃይል ሲሆን ይህን መሣሪያው ይናገራል፤ ቍጥሩ በአንድ በጨመረ ጊዜ ኃይሉ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሁለተኛው በየሥፍራው የደረሰው ጉዳት ሲሆን አሥራ ሁለት ደረጃ ባለው ሠንጠረዥ ይመደባል፤ ይህንን የሚናገሩት ግን የወደቀ ግድግዳ፥ የተሰነጠቀ መሬት፥ የደረቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፥ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ናቸው። በየመንደሩ የደረሰው ጉዳት በካርታ ላይ ሲቀመጥና ተመሳሳዩ በመስመር ሲከበብ፥ መናወጡ ከየት እንደ ተነሣ፥ በየትኛው ወገን እንደ በረታ ይታያል። በካራቆሬ ጕዳይ ይህ ሁሉ ወደ ስምጥ ሸለቆው ከንፈር፥ ደጋው ከቆላው ወደሚለይበት ስንጥቅ አመለከተ።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ መጣ። የካራቆሬው አደጋ በሺሕ ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ እንግዳ ነገር ነውን? ወይስ በየትውልዱ የሚመላለስ የምድሪቱ ጠባይ ነው? መልሱ የዕውቀት ፍላጎትን ለማርካት ብቻ አልነበረም። እንግዳ ነገር ከሆነ ማጀቴን እንደ ነበረች አድርጎ መልሶ መሥራት ይቻላል። ጠባይዋ ከሆነ ግን እንደ ነበረች መልሶ መሥራት ለሚቀጥለው ትውልድ መቃብር መቆፈር ነው። ጥቂት ዓመት የሠራ መሣሪያ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም። የምድር ዕድሜ ሌላ፥ የመሣሪያው ዕድሜ ሌላ ነውና።

በዚህ ጊዜ አባ ጉዋን ያደረጉት ነገር ለእኛ ለሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ልብ የሚነካ ነው። የፊዚክሱ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ዜና መዋዕሎችን፥ የተጓዦችን ማስታወሻ፥ የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ፥ የቆንስሎችንና የቴሌግራፍ ሠራተኞችን ዘገባ፥ የጣሊያን ጣቢያዎችን መዝገብ፥ የቆዩ ጋዜጦችን አንድ በአንድ መረመሩ። ይህ ሥራ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ ዘመን፥ ሌላው በጎርጎርዮስ፥ ሦስተኛው በሂጅራ ይጽፋል፤ አንዱን መናወጥ ሦስት ጊዜ መቍጠር፥ ወይም ሦስቱን እንደ አንድ መቍጠር በጣም ቀላል ነው። አንድ ተጓዥ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ይጽፋል። ሌላው የነጐድጓድን ድምፅ የምድር ድምፅ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንዱ መጽሐፍ የሌላውን ስሕተት ተቀብሎ፥ ጥቂት አሳምሮ ለሦስተኛው ማስተላለፉ ነው። ስለዚህ አባ ጉዋን የሚታመነው የመጀመሪያው ጽሑፍ በመጀመሪያው ቋንቋ ሲነበብ ብቻ ነው የሚል ጥብቅ ሕግ ለራሳቸው አወጡ። የታሪክ መምህራኖቻችን ዘወትር የሚነግሩንን እርሳቸው በፊዚክስ ቤት ሠሩበት።

ከዚህ ፍለጋ የተገኘው ነገር የካራቆሬን እንግድነት አጠፋው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1830ዎቹ፥ በዚሁ በይፋት ጫፍ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር በምድር መናወጥና በመሬት መንሸራተት ተጎድታ ነበር። ያን ጊዜ በሸዋ ቤተ መንግሥት የአውሮፓ መልእክተኞችና ሚሲዮናውያን ስለ ነበሩ የአካባቢው ወሬ በጽሑፍ ሊቆይ ችሏል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣ ብርቱ መናወጥ ወጣቷን አዲስ አበባን አስጨንቋታል። በቀይ ባሕር በኩል ደግሞ ምጽዋ በ1913 ዓ.ም. ክፉኛ ተጎድታለች። እንግዲህ ከአንኮበር እስከ ካራቆሬ ያለው ዘመን መቶ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላም። አያት ያየውን የልጅ ልጅ ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ምጽዋ ከተነሣ፥ ከፍለጋው ውስጥ አንድ የባሕር ነገር አለ። በ1876 ዓ.ም. ምድር በተናወጠች ጊዜ የባሕሩ ውኃ ተነሥቶ በወደቡ ላይ ደጋግሞ መፍሰሱ ተጽፏል። ይህ ዛሬ ዓለም በጃፓንኛ ስሙ ሱናሚ የሚለው ሞገድ ነው። በምጽዋ የደረሰው ትንሽ ነው። ሆኖም የባሕር ሞገድን የሚመረምሩ የዓለም ሊቃውንትም ከአባ ጉዋን ጋር በአንድ መንገድ መጓዛቸውን ማወቅ ደስ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1896 በጃፓን ሳንሪኩ በሚባለው ጠረፍ ሰው ቀላል ንዝረት ብቻ ተሰማው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን እስከ ሠላሳ ስምንት ሜትር ከፍታ የወጣ ሞገድ ሃያ ሁለት ሺሕ ያህል ሰው ፈጀ። ንዝረቱን ብቻ የለካ መሣሪያ ጉዳቱን አሳንሶ ባየው ነበር። የኋላ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የባሕሩ ወለል ቀስ ብሎ፥ ነገር ግን ብዙ ርቀት በመንሸራተቱ፥ ሰውን ሳያናውጥ ውኃውን አንሥቶታል።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1700 መጀመሪያ በጃፓን ጠረፍ ያለ አንዳች ንዝረት ባሕር ተነሥቶ ቤቶችን ጎዳ፤ የመንደር ሹማምንትና ነጋዴዎችም ይህን በመዝገባቸው ጻፉ። ከየት እንደ መጣ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልታወቀም። በኋላ ብራያን አትዎተር የተባለው አሜሪካዊ የጂኦሎጂ ሊቅ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፥ መሬቱ በድንገት ሰምጦ የባሕር ውኃ ያደረቃቸውን የጥድ ደኖችና በጭቃ ላይ የተነጠፈ የባሕር አሸዋ መረመረ። ኬንጂ ሳታኬና የጃፓን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓኑን መዝገብ ከሞገዱ ፍጥነት ጋር አስልተው፥ መናወጡ ጥር 26 ቀን 1700 ምሽት በአሜሪካ ጠረፍ የደረሰ ታላቅ መናወጥ መሆኑን አሳዩ። የዛፎቹ የዕድገት ቀለበትም ይህንኑ መሰከረ። ስለ ሩዝና ስለ ግብር የሚጽፍ አንድ የመንደር ጸሐፊ፥ በማያውቀው አገር የሚኖር፥ ገና ያልተወለደ ሕዝብ ቤቱን አጽንቶ እንዲሠራ ረዳው። አባ ጉዋን በኢትዮጵያ የቆሙለት ሐሳብ ይኸው ነበር፤ የትም የተጻፈ እውነተኛ ቃል አንድ ቀን ሰው ያድናል።

በዚህ መካከል ምድር ራሷ ማስረጃ መጨመሯን አላቆመችም። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ በመናወጥ ጠፋች፤ በዚያች ትንሽ መንደር ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ካራቆሬ በሸለቆው ከንፈር፥ ሰርዶ በሸለቆው ሆድ ውስጥ ናቸው። በዚህ ዘመን አባ ጉዋን ከጂኦሎጂ ሊቁ ከፖል ሞር ጋር የአገሪቱን የስበት ልክ በየመንገዱ እየለኩ፥ ከሸለቆው በታች ያለው የምድር ቅርፊት ከደጋው ምን ያህል እንደሚለይ ለማወቅ ሠርተዋል።

ከዚህ ሁሉ ቍጥርና ወረቀት በኋላ ወደ ሰው ቤት የሚደርስ ነገር ወጣ። አባ ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1976 አገሪቱን በመናወጥ አደጋ መጠን በቀጠና የከፈለ ጥናት አወጡ። የይፋት ቆላ፥ አፋርና ስምጥ ሸለቆው በብርቱው አደጋ ክልል ውስጥ ተመደቡ። ይህን የመሰለ ካርታ ለመሐንዲስ ትእዛዝ ነው፤ በዚህ ሥፍራ ምሰሶህን አወፍር፥ ብረቱን አጥብቀህ እሰር ይለዋል። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የወጡት የሕንፃ ደንቦች ሁሉ ይህን መሠረታዊ ሐሳብ የተከተሉ ናቸው። አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ሰውን የሚገድለው የምድር መናወጥ ሳይሆን የሰው እጅ የሠራው ግድግዳ ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ይወዛወዛል፥ ይዘማል፥ ጭቃው ይረግፋል፤ ነገር ግን ነዋሪው ወጥቶ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ድንጋይ በጭቃ ብቻ ተያይዞ፥ ማሰሪያ ሳይኖረው የቆመ ወፍራም ግድግዳ ግን ጠንካራ ይመስላል እንጂ በጐን ሲገፉት ይበተናል። ያለ በቂ ብረት የቆመ የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤትም ከዚህ አይሻልም። ድሀው ሀብታም ሲሆን መጀመሪያ የሚሠራው ይህን ቤት መሆኑ ያሳዝናል።

በተማሪዎች ዘንድ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ሕዝብ በሚራብበት፥ ሐኪም በማይዳረስበት አገር፥ በከበሮ ላይ የሚዞር ወረቀት ሲያነቡ መኖር ምን ይጠቅማል? ደግሞስ የውጭ አገር ሰው ስለ ምድራችን ምን አገባው? የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዕውቀት ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ የተማሪ ግዴታ ነውና። ነገር ግን መልሱ በማጀቴ ፍርስራሽ ላይ ተጽፎ ነበር። የምድር መናወጥ በግንብ ቤት የሚኖረውንና በጎጆ የሚኖረውን እኩል ይነካል፤ መልሶ ለመነሣት ያለው አቅም ግን እኩል አይደለም። ባለጠጋው ሌላ ቤት አለው፤ ድሀው ያችው አንዲት ግድግዳ ናት። ስለዚህ የአደጋ ካርታ የቅንጦት ዕውቀት አይደለም። የውጭ ሰው ሠራው የሚለውም ወቀሳ ወደ እኛው ይመለሳል፤ ዜና መዋዕሉ በእኛ ቋንቋ ተጽፎ በእኛው አገር ሳለ፥ አስቀድመን ልናነበው ይገባን ነበርና።

አባ ጉዋን ኢትዮጵያን ከለቀቁ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1979 የድካማቸው ፍሬ በኦታዋ ታተመ። መጽሐፉ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ምድር ላይ ጥናት የሚያደርግ ሊቅ ሁሉ መነሻ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኢትዮጵያ የተማሩትን ዘዴ ወደ ትውልድ አገራቸው ወስደው፥ ከ1534 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ በኬቤክ የደረሱትን መናወጦች ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 በሌላ ትልቅ መጽሐፍ አቀረቡ። ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ከምዕራብ ወደ እኛ ይመጣል ይባላል፤ በዚህ ሰው ሕይወት ግን በይፋትና በምጽዋ የተፈተነ ዘዴ ወደ ካናዳ ሲሻገር እናያለን። የዕድሜ ባለጠጋ ሆነው ከዚህ ዓለም ከተለዩ ዓመታት አልፈዋል። የመሠረቱት ጣቢያ ግን አድጎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፥ የጠፈር ሳይንስና የሥነ ፈለክ ተቋም ሆኗል፤ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም ተረክበውታል።

የሰውን ሥራ ሲያመሰግኑ ወሰኑንም መናገር ያስፈልጋል። አባ ጉዋን ምድር መቼ እንደምትናወጥ አልተነበዩም፤ ዛሬም ቀንና ሰዓቱን ሊናገር የሚችል ሊቅ የለም። የጻፈ ሰው በሌለበት ቆላ የደረሰው መናወጥ በመዝገባቸው ሊገባ አልቻለም፤ ስለዚህ በካርታው ላይ ጸጥ ያለ ሥፍራ ሁሉ በእውነት ጸጥ ያለ አይደለም። በእርሳቸው ዘመን ያልነበሩ ዓይኖችም ተገኝተዋል። የሳተላይት መለኪያ ስምጥ ሸለቆው በዓመት አምስት ሚሊሜትር ያህል እንደሚሰፋ አሳይቷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ በተባለው ሥፍራ ስድሳ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ተከፈተ፤ ከሥር የወጣ የቀለጠ ዓለት ምድርን ገፍቶ ነበርና። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከይፋት ቆላ በስተደቡብ፥ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለብዙ ወራት የቆየ መናወጥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው ልኩ 6.0 ያህል ነበር። በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ነቃ። ብዙዎች ይህን ታይቶ የማይታወቅ ነገር አድርገው አወሩ። አንኮበርና ማጀቴ ተረስተው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? ሁላችን ፊዚክስ አናጠናም። ነገር ግን ሁላችን ለዕረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን። በካራቆሬ፥ በማጀቴ፥ በኤፌሶን፥ በጀውሃና በሸዋ ሮቢት የ1953ቱን ሌሊት በልጅነታቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። የትኛው ግድግዳ በየት በኩል ወደቀ? ምንጩ ደፈረሰ ወይስ ደረቀ? ከብቶቹ ምን አደረጉ? መሬቱ ከየት እስከ የት ተሰነጠቀ? ይህን ጠይቆ ቀኑን፥ ሥፍራውንና ያየውን ሰው ለይቶ፥ ያየውን ከሰማው ሳይቀላቅል መጻፍ የማንኛውም ፋኩልቲ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። የተጻፈውንም ለተቋሙ ማስረከብ ነው። መሐንዲስ የሚሆነው ወዳጃችን ደግሞ በሸዋ ሮቢት የሚያቆመው ምሰሶ በአዲስ አበባ ከሚያቆመው እንዲወፍር ደንቡ የሚያዝዘው ስለ ምን እንደ ሆነ ይወቅ፤ ባለቤቱ ብረት እንዲቀንስለት ሲለምነው ማጀቴን ያስብ።

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ሰላማዊ ሜዳ ያያል፤ እርሻው ለምለም ነው፥ መንደሩ ይጨሳል። ምድር ግን ከሥር ሥራዋን አልተወችም። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መምህር ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዋን እየተከታተለ ጻፈልን። የቀረውን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።